በአንድ የፓቶሎጂ ወረቀት ላይ ያሉ ሁለት መስመሮች፦ ኸር-2 እና ኢ-ካድሄሪን

ጥቁር አንበሳ አካባቢ፣ ከፖስታ ቤት ወደ ሆስፒታሉ በሚያስኬደው መንገድ ላይ፣ ቡናማ ፖስታ በብብቱ ይዞ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ፖስታው ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ የምርመራ ውጤት ነው። የጡት ካንሰር የፓቶሎጂ ውጤት፣ ማለትም የተቆረጠ ናሙና ተቀልሞ በማይክሮስኮፕ የታየበት፣ ከሆነ ወደ ግርጌው ኸር-2 የሚል መስመር ይኖረዋል፤ ከፊቱም 0፣ 1+፣ 2+ ወይም 3+ ተጽፏል። አንዳንዴ ከሱ ዝቅ ብሎ ኢ-ካድሄሪን የሚል ይጨመርበታል፤ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ። ሐኪሙ ጊዜ ካለው የመጀመሪያውን ያስረዳል፣ መድኃኒት የሚታዘዘው በሱ ነውና። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ በዝምታ ይታለፋል።

ኸር-2 የእድገት ትእዛዝ ከሚቀበሉ ፕሮቲኖች ወገን ነው። ኢ-ካድሄሪን ደግሞ ሴል ከጎረቤቱ ጋር የሚያያዝበት ነው። ለየብቻ የተጻፉት ለየብቻ ስለሚቀለሙ እንጂ ሴሉ ውስጥ የሚሠሩት እየተነጋገሩ ነው። ካንሰር፣ ከቁስል ዳር አልፎ የሚያድገው ጠባሳ ኬሎይድ፣ ሳንባን የሚያደርቀው ፋይብሮሲስ፣ እነዚህ ሁሉ ያ ንግግር የተበላሸባቸው በሽታዎች ናቸው።

ማመልከቻና መታወቂያ

ማመልከቻ ብቻ ይዞ ወረዳ የሄደ ሰው የነዋሪነት መታወቂያ ይጠየቃል። መታወቂያ ብቻ ይዞ መስኮቱ ፊት የቆመ ደግሞ ‹‹ምን ፈልገው ነው?›› ይባላል። ሁለቱ ካልተሟሉ ጉዳዩ አይንቀሳቀስም። ጤነኛ ሴልም ከመከፈሉ በፊት ሁለቱንም ይጠየቃል። ማመልከቻው የእድገት ፋክተር ነው፤ በደምና በሴሎች መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ እየዞረ ‹‹ተከፈል፣ ተንቀሳቀስ፣ አትሙት›› የሚል ፕሮቲን። መታወቂያው ደግሞ ሴሉ የቆመበትን መሬትና ጎረቤቱን መጨበጡ ነው። ከቦታው የተነቀለ ሴል ትእዛዝ ቢደርሰውም መከፈል የለበትም፤ ይባስ ብሎ ራሱን እንዲያጠፋ ሆኖ ተሠርቷል። ይህ ራስን ማጥፋት እ.ኤ.አ. በ1994 አኖይኪስ የሚል ስም ወጣለት። ከግሪክ የተወሰደ ቃል ነው፤ ቤት አልባ መሆን ማለት ነው። የአንጀት ሽፋን ሴሎች በየጥቂት ቀኑ እየተላጡ ሲወድቁ ሄደው ሌላ ቦታ እንዳይበቅሉ ከሚያደርጓቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

መሬቱን የሚጨብጡት ፕሮቲኖች ኢንቴግሪን ይባላሉ። አንድ ኢንቴግሪን የሁለት ፕሮቲኖች ጥንድ ነው፤ አንዱ አልፋ፣ አንዱ ቤታ። ሰው 18 ዓይነት አልፋና 8 ዓይነት ቤታ አለው፤ ከነዚህ ተገጣጥመው የሚገኙት 24 ጥንዶች ብቻ ናቸው። ረጅሙ ክፍል ከሴሉ ውጭ ቆሞ የመሬቱን ፕሮቲኖች፣ ኮላጅን፣ ፋይብሮኔክቲን ወይም ላሚኒን፣ ይይዛል። አጭሩ ጭራ ውስጥ ቀርቶ አክቲን ከሚባለው የሴሉ አጽም ጋር ይታሰራል። ከ24ቱ ጥንዶች 8ቱ የሚለዩት የሦስት አሚኖ አሲዶችን ቅደም ተከተል ብቻ ነው፦ አርጂኒን፣ ግላይሲን፣ አስፓርቲክ አሲድ። ይህች ትንሽ ምልክት ወደ በሽታው ስንደርስ ተመልሳ ትመጣለች።

ሥራ ያልጀመረ ኢንቴግሪን ጉልበቱ ላይ ታጥፎ ይቀመጣል። ታሊን የሚባል ፕሮቲን ከውስጥ መጥቶ የቤታውን ጭራ ሲይዘው ቀና ይላል፣ እጁም ይከፈታል። ስለዚህ ወሬ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ ሴሉ ‹‹ያዝ፣ ልቀቅ›› ብሎ ከውስጥ ያዛል፣ የተያዘው መሬት ልስላሴና ጥንካሬም ከውጭ ወደ ውስጥ ይነገራል።

አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። የእድገት ፋክተር ተቀባዮች ውስጥ ያለው ክፍላቸው ራሱ ኤንዛይም ነው፤ ካይኔዝ ይባላል፤ ፎስፌት እየለጠፈ እንደ ማህተም ይመታል። ኢንቴግሪን የራሱ ማህተም የለውም። በያዘበት ቦታ ማህተም ያላቸውን ይጠራል፤ ኤፍኤኬ እና ሳርክ የሚባሉትን። የሁለቱ መንገዶች መጠላለፍ የሚጀምረው ከዚህ ጉድለት ነው፤ ሳርክ ለኢንቴግሪንም ለእድገት ፋክተር ተቀባይም ያገለግላልና።

በማመልከቻው በኩል ያለው ታሪክ ቆየት ያለ ነው። የእድገት ፋክተሮችን ያገኙት ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን የኖቤል ሽልማት የወሰዱት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ኢንቴግሪን የሚለው ስም የወጣውም በዚያው ዓመት መሆኑ ይገርማል። ኮኸን ያገኘው ኢጂኤፍ የሚባለው የእድገት ፋክተር ተቀባዩን ሲነካ ሁለት ተቀባዮች ይጣመሩና አንዱ የሌላውን ጭራ ማህተም ይመታል። ከዚያ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ ራስ፣ ራፍና ሜክ በሚባሉ ፕሮቲኖች አልፎ ኧርክ የሚባለው ጋ ይደርሳል፤ ‹‹ተከፈል›› የሚለው እሱ ነው። ሌላው በፒአይ3-ካይኔዝ በኩል ኤኬቲ ጋ ይደርሳል፤ ‹‹አትሙት›› ይላል። ኸር-2 የዚሁ ቤተሰብ አባል ቢሆንም የራሱ የሚታወቅ ፋክተር የለውም። ሁልጊዜ እጁን ዘርግቶ ጥንድ የሚጠብቅ ተቀባይ ነው፤ በሴሉ ላይ ከበዛ ማንም ሳያዝዘው እርስ በርሱ የሚጣመረውም ለዚህ ነው።

የሚገናኙበት ቦታ

በፈሳሽ ውስጥ ለሚንሳፈፍ ሴል ኢጂኤፍ ቢሰጠው ኧርክ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። መሬት ለጨበጠ ሴል ሲሰጠው ግን ለሰዓታት ይቆያል። ነገሩ ያለው በዚህ የቆይታ ልዩነት ላይ ነው። ሴሉን ወደ መከፈል የሚያስገባው ሳይክሊን ዲ1 እንደሚገባ የሚመረተው ኧርክ ሲቆይ ነው፤ ብልጭታው አይበቃውም። ስለዚህ ኢንቴግሪን ትእዛዙን አይፈጥርም፣ ትእዛዙ እስኪፈጸም ድረስ ያቆየዋል። ከዚያም አልፎ፣ መሬት የጨበጠ ኢንቴግሪን በሳርክ በኩል የኢጂኤፍን ተቀባይ ያለ ምንም ኢጂኤፍ በከፊል ሊያስነሳው ይችላል። በወረዳው ቋንቋ፣ መታወቂያ ያለው ሰው ማመልከቻውም በዚያው ይሞላለታል እንደ ማለት ነው።

ሁለቱ ተቀባዮች በሴሉ ገጽ ላይ ለዘላለም አይቀመጡም፤ ወደ ውስጥ ይዋጣሉ፣ ከዚያ ይፈጫሉ ወይም ተመልሰው ይወጣሉ። አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ኢንቴግሪንና የኢጂኤፍ ተቀባይን በአንድ ላይ አዝለው በፍጥነት ወደ ገጽ ይመልሷቸዋል። ውጤቱ ቶሎ የሚራመድ፣ ትእዛዝ የማይሰለቸው ሴል ነው።

ኢ-ካድሄሪን ሥራው በአብዛኛው ማርገብ ነው። ከጎረቤት ሴል ኢ-ካድሄሪን ጋር የሚጨባበጠው በካልሲየም እርዳታ ሲሆን፣ በውስጥ በኩል ቤታ-ካቴኒን የሚባለውን ፕሮቲን ይዞ ያስቀምጠዋል። በደንብ የተያያዙ ሴሎች የእድገት ትእዛዝን በዝግታ ይሰማሉ፤ ዙሪያቸው ሲሞላ መከፈል የሚያቆሙትም ከፊሉ በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ በዓይን ለማየት የሴል ላብራቶሪ ውስጥ ግማሽ ሰዓት መቆም ይበቃል። ከፕላስቲክ ፍላስክ ላይ ሴል ለማንሳት ባለ 0.25 በመቶ ትሪፕሲን ከኢዲቲኤ ጋር ተቀላቅሎ ይፈስበትና 37 ዲግሪ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጣል። ኢዲቲኤው ካልሲየሙን ይነጥቃል፣ ካድሄሪኖቹ ይላቀቃሉ። ትሪፕሲኑ መሬቱን የያዙትን ፕሮቲኖች ይቆርጣል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ተነጠፈ ጨርቅ የነበረው ሴል ጫፉን ሰብስቦ ይድቦለቦልና በመጨረሻ ይንሳፈፋል። ስህተት የሚበዛው እዚህ ጋ ነው፦ ትሪፕሲኑ ከሚገባው በላይ ከቆየ የሴሉን ገጽ ተቀባዮች ጭምር ይበላል። ወዲያው ኢንቴግሪን ወይም የእድገት ፋክተር ተቀባይ የሚለካ ሰው ‹‹የለም›› የሚል የውሸት ውጤት ያገኛል። ስለዚህ ወይ ትሪፕሲኑን በሴረም፣ ማለትም የእድገት ፋክተሮች ባሉበት የደም ፈሳሽ፣ አስቁሞ ሴሉ ገጹን እስኪተካ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ፣ ወይም ኢዲቲኤውን ብቻ መጠቀም ነው።

ሁለተኛው ማሳያ ለስላሳ አጋር የሚባለው ጄል ነው። ከታች ጠንከር ያለ፣ ከላይ 0.3 በመቶ ገደማ የሆነ አጋር ይደረግና ሴሎቹ በላይኛው ውስጥ ይዘራሉ፤ ሴረሙ፣ ማለትም ማመልከቻው፣ በሽ ነው። የሚጨበጥ መሬት ግን የለም። ጤነኛ ሴሎች ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላም ነጠላ ነጥብ ሆነው ይቀራሉ ወይም ይሞታሉ። የካንሰር ሴሎች ክብ ክብ መንደር ይሠራሉ። ካንሰርነትን ለመለየት ከዚህ ርካሽና ከዚህ የተሻለ የሚናገር ሙከራ ጥቂት ነው።

ጡት ላይ

በእጢ ዙሪያ ኮላጅን ይከማቻል፣ ይተሳሰራል፣ ይጠነክራል። ሴትዮዋ በእጇ ስትዳስሰው ‹‹ጠጠር የመሰለ›› የምትለው ይህንን ነው። በአይጥ ጡት ላይ በተደረገ ልኬት ጤነኛው ከ200 ፓስካል በታች ሲሆን እጢው ወደ 4000 ይጠጋል። ጠንካራ መሬት የያዘ ኢንቴግሪን በብዛት ይሰበሰባል፣ ኤፍኤኬና ሳርክን አብዝቶ ይጠራል፣ የእድገት ፋክተሩም ትእዛዝ ይጎላል። ያው ትእዛዝ በለስላሳ መሬት ላይ ደክሞ ያልፍ ነበር። ድርቀቱ የበሽታው ምልክት ብቻ ሳይሆን የበሽታው ማገዶም ነው።

ሎቡላር የሚባለው የጡት ካንሰር ዓይነት፣ ከጡት ካንሰሮች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው፣ በሌላ በኩል ይመጣል። እዚህ ሲዲኤች1 የሚባለው ጂን ስለሚበላሽ ኢ-ካድሄሪን ይጠፋል። ሴሎቹ ተያይዘው እብጠት ከመሥራት ይልቅ አንድ በአንድ ተሰልፈው በሕብረ ሕዋሱ መካከል ይሰርጋሉ፤ ማሞግራም ላይ በግልጽ ሳይታዩ የሚቀሩትም ለዚህ ነው። የሚያረግብ ጎረቤት ስለሌላቸው በኤኬቲ በኩል ለሚመጣው ‹‹አትሙት›› ለሚለው ትእዛዝ ጆሯቸው ይሰላል። ሎቡላር አብዛኛውን ጊዜ ኸር-2 ኔጋቲቭ ነው፤ ማህተሙን ማብዛት አላስፈለገውም፣ የሚያግደውን ጥሎታልና። የዚሁ ጂን ብልሽት በዘር ሲተላለፍ የተሰራጨ የጨጓራ ካንሰርም ያመጣል፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 በኒውዚላንድ የማኦሪ ቤተሰቦች ላይ ነው። ስለዚህ ኢ-ካድሄሪን ኔጋቲቭ የሚል ወረቀት የያዘ ሰው በቤተሰቡ በለጋ ዕድሜ የጨጓራ ካንሰር የታመመ ካለ ለሐኪሙ መንገር አለበት። ሐኪሙ ሳይጠይቅ ቢቀር እንኳ።

ኬሎይድ፦ ካንሰር ያልሆነው ዘመድ

ጆሮ ከተበሳ በኋላ፣ ወይም ደረት ላይ ከወጣች ብጉር ተነስቶ፣ ከቁስሉ ዳር አልፎ የሚያድገው ጠባሳ ኬሎይድ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። ደረት፣ ትከሻና የጆሮ ጫፍ ይወዳል፤ ደረትና ትከሻ ደግሞ ቆዳ ዘወትር የሚወጠርባቸው ቦታዎች ናቸው። ውጥረቱ ለምን ይነካዋል?

ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባለው የእድገት ፋክተር ከሴል የሚወጣው ታስሮ ነው። በሌላ ፕሮቲን ተጠቅልሎ ኮላጅን መካከል ይቀመጣል፤ ማመልከቻው ተጽፎ ፖስታው እንደታሸገ ነው። በፖስታው ላይ ያችው የሦስት አሚኖ አሲድ ምልክት አለች። አልፋ-ቪ የሚባሉት ኢንቴግሪኖች፣ በሳንባ በተለይ አልፋ-ቪ ቤታ-6፣ ምልክቷን ይይዛሉ፤ ሴሉ በአጽሙ ይጎትታል፤ ፖስታው ይቀደድና ፋክተሩ ይፈታል። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከጉተታው ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ፖስታው ሳይቀደድ ይቀራል። መሬቱ ከተወጠረና ከጠነከረ ይቀደዳል። የተፈታው ፋክተር ፋይብሮብላስት የሚባሉትን የሕብረ ሕዋስ ሴሎች ‹‹ኮላጅን ሥሩ›› ይላቸዋል፣ ኮላጅኑ መሬቱን ያጠነክራል፣ የጠነከረው መሬት ሌላ ፖስታ ያስቀድዳል። አዙሪቱ ይህ ነው። በሳንባ ፋይብሮሲስም ያው ነው።

ኬሎይድን ቆርጦ ብቻ መጣል የማያዋጣው ከዚህ የተነሳ ነው። ቢላዋው አዲስ ቁስልና አዲስ ውጥረት ይፈጥራል፤ ብዙ ጊዜ ከበፊቱ ሰፍቶ ይመለሳል። የቆዳ ሐኪሞች ትሪያምሲኖሎን የሚባለውን መድኃኒት ከ10 እስከ 40 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር መጠን ጠባሳው ውስጥ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት እያረፉ ይወጋሉ። ከተቆረጠም መርፌው፣ ለጆሮ ደግሞ የሚጫን ክሊፕ፣ ይከተለዋል። መርፌው መግባት ያለበት ጠባሳው ውስጥ ነው፤ ከሥሩ ወዳለው ስብ ካለፈ ቆዳው ይሰረጉዳል፣ ቀለሙም ይነጣል።

አንዱን በር ብቻ መዝጋት

ሲሌንጂታይድ የሚባለው መድኃኒት ያችን የሦስት አሚኖ አሲድ ምልክት አስመስሎ የተሠራ ቀለበት ነው። ሐሳቡ ያምር ነበር፤ እጢ የሚያበቅላቸው አዳዲስ የደም ሥሮች አልፋ-ቪ ቤታ-3 ይጠቀማሉ፣ እሱን ከዘጋን እጢው ይራባል። በጭንቅላት እጢ ላይ የተደረገው ትልቁ ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2014 ወጣ፤ ዕድሜ አላራዘመም። ከዚያ በፊት በአይጥ ላይ የታየው ፍንጭ ነበር፦ መድኃኒቱ በደም ውስጥ መጠኑ ሲያንስ ቬጂኤፍ የሚባለው የእድገት ፋክተር ተቀባይ ወደ ሴሉ ገጽ ቶሎ እንዲመለስ ያደርጋል፣ የደም ሥር ማብቀሉንም ያግዛል። ማያያዣውን ሲነኩት ማመልከቻው በሌላ መስኮት ገባ ማለት ነው።

በደም ውስጥ ያሉ ሴሎች ላይ ግን ኢንቴግሪን መዝጋት ሠርቷል። ደም የሚያረጋውን የፕሌትሌትን ኢንቴግሪን የሚዘጉ መድኃኒቶች በልብ ደም ሥር መዘጋት ሕክምና ላይ ያገለግላሉ። ናታሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት የነጭ ደም ሴል ወደ አንጎል እንዳይሻገር አድርጎ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለውን የነርቭ በሽታ ያበርዳል። ዋጋ ግን አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 ተፈቀደ፣ በ2005 ከገበያ ወጣ፣ በ2006 በጥብቅ ክትትል ተመለሰ፤ አንጎል ጠባቂ ሲያጣ ጄሲ የሚባል ቫይረስ ነቅቶ ሰው ስለገደለ ነው። በእኛ ግምት ልዩነቱ ቀላል ነው፦ በደም የሚዞር ሴል የሚይዘው ለአፍታ ነው፣ ያንን አፍታ መከልከል ይቻላል። በጠንካራ እጢ ውስጥ የተቀመጠ ሴል ግን ብዙ እጅና ብዙ ማህተም አለው።

በኸር-2 ላይ የሚሠራው መድኃኒት ትራስቱዙማብ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። መሥራት ሲያቆም ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ቤታ-1 ኢንቴግሪን ነው፤ ማህተሙን በኤፍኤኬና በሳርክ በኩል ራሱ ያስመታል፣ ኸር-2 ቢዘጋም ትእዛዙ ይቀጥላል።

ወረቀቱ እውነት እንዲናገር

ይህ ሁሉ ትርጉም የሚኖረው ናሙናው ሳይበላሽ ከደረሰ ነው። ከመሃል ከተማ ክሊኒክ እስከ ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ጠርሙሱን ተሸክሞ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡም ማወቅ ያለበት አለ።

ናሙናው ከተቆረጠ በ1 ሰዓት ውስጥ ባለ 10 በመቶ ቡፈር የተደረገበት ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ መግባት አለበት። በጨው ውሃ፣ በአልኮል ወይም በደረቅ ጎዝ አይሆንም። የፎርማሊኑ መጠን ቢያንስ የናሙናው 10 እጥፍ ይሁን። ፎርማሊን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙሉ ጡት ሳይሰነጠቅ ቢዘፈዘፍ ከውጭ ደርቆ መሃሉ ይበሰብሳል፤ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተሰንጥቆ መግባት አለበት። በፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆይ። ዓርብ ማታ የገባ ጠርሙስ ሰኞ በዓል ውሎ ማክሰኞ ከሰዓት ከተነሳ ጊዜው አልፏል፤ ኸር-2 ያለው ናሙና ደብዝዞ ሊታይ ይችላል። ስም የሚለጠፈው በጠርሙሱ አካል ላይ ነው፣ በክዳኑ ላይ አይደለም፤ ክዳን ይለዋወጣልና። የተቆረጠበት ሰዓትም ይጻፍበት።

ኸር-2 ሲነበብ 3+ የሚባለው ከ10 በመቶ በላይ የካንሰር ሴሎች ዙሪያቸው ሙሉ በሙሉና ደምቆ ሲቀለም ነው። 2+ ‹‹ግማሽ ፖዘቲቭ›› አይደለም፤ ቀለሙ አልወሰነም፣ ጂኑ ይቆጠር ማለት ነው። ፊሽ በሚባለው ምርመራ የኸር-2 ጂን ከክሮሞሶም 17 ምልክት ጋር ሲነጻጸር 2 እጥፍና ከዚያ በላይ ሆኖ በአንድ ሴል በአማካይ ከ4 ካላነሰ ፖዘቲቭ ይባላል። 1+ ድሮ ከ0 ጋር ይጣል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ግን ለአንዳንድ ታካሚዎች መድኃኒት የሚወስን ሆኗል፣ ስለዚህ ‹‹ኔጋቲቭ›› ብቻ ብሎ የጨረሰ ወረቀት ቁጥሩ እንዲጻፍበት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ኢ-ካድሄሪን ኔጋቲቭ ሲሆን ፓቶሎጂስቱ መጀመሪያ የሚያየው ካንሰሩን አይደለም፤ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ የወተት ቱቦ ነው። ቱቦው ቡናማ ሆኖ ካንሰሩ ብቻ ከነጣ ውጤቱ ውጤት ነው። ሁለቱም ከነጡ ማቅለሙ ከሽፏል፤ ናሙናው ከተቀበረበት ከዚያው የሰም ብሎክ ሌላ 4 ማይክሮን ተቆርጦ ይደገማል። ብሎኩ የተቀመጠው ላብራቶሪው ዘንድ ነው፤ ሌላ ቦታ ለማስመርመር የሚጠየቀው እሱ ነው፣ የተቀለመው ስላይድ ብቻውን ለፊሽም ለድጋሚ ማቅለሚያም አይበቃም።